ቃልን ከነፍቹ፣ ፍችንም ከነሥራው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተሰማ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበባችን ስም ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የንግግራችን አርእስት የእንግሊዝኛ ቃላት አጠናን ነው። ነገሩ ተማሪንና መምህርን ብቻ የሚመለከት መስሎ የሚታየው ቢኖር፣ እኛ ግን ጋምቤላ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ሁሉ የሚነካ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ ታሪኩንም የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ከመካከላችን ብዙዎች በቤታቸው የሚናገሩት አኝዋክኛ፣ ኑዌርኛ ወይም መዠንግርኛ ስለ ሆነ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ስለዚህ ቃል ለመያዝ የቸኮለ ተማሪ ደብተሩን ለሁለት ከፍሎ፣ በግራ እንግሊዝኛውን በቀኝ አማርኛውን እየጻፈ እንደ ዳዊት ይደግማል። ይህ ለመጀመሪያ ደግ ነው፤ ለመጨረሻ ግን አይበቃም። የአንድን ሰው ስም ስላወቅን ሰውየውን አወቅነው እንደማንል ሁሉ፣ ቃልም ከየት እንደ መጣና ከማን ጋር እንደሚውል ካልታወቀ አልታወቀም።

ለምሳሌ «ባንክ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ገንዘብ የሚቀመጥበት ቤት መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ነገር ግን በክረምት የእንግሊዝኛ ዜና ሲነበብ «ባሮ ባንኩን ሰብሮ ወጣ» የሚል ቢሰማ፣ ወንዙ ገንዘብ ቤት ዘረፈ ማለት አይደለም፤ ከዳርቻው አልፎ ፈሰሰ ማለት ነው። የገንዘቡ ባንክ የመጣው ለዋጮች ገንዘባቸውን ከሚዘረጉበት አግዳሚ፣ ጣሊያኖች «ባንኮ» ከሚሉት ነው። የወንዙ ግን ከፍ ያለ የመሬት ጠርዝ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ሥራ የጀመረውና ከዛሬው ስመ ሞክሼው የተለየው የአቢሲኒያ ባንክ በጋምቤላ ወኪል ስለ ነበረው፣ ሁለቱ ቃላት በከተማችን በአንድ ስፍራ ጎን ለጎን ቆመው ነበር ለማለት ይቻላል።

የቃልን ሥር መመርመርም ታሪክን ይገልጣል። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ቦታውም ጋምቤላ ሆነና፣ ወንዙ በሚሞላበት ወራት ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ቡና የሚጭኑበት ወደብ ሆነ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ የውሉ ዘመን አበቃ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይህን ቦታ «ኤንክሌቭ» ይሉታል፤ ሥሩ በላቲን ቁልፍ ማለት ሲሆን፣ በሌላ አገር መሬት ውስጥ ተቆልፎ ያለ ማለት ነው። በውሉ የተጻፈው ቃል ደግሞ ዛሬ የከተማ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ሊዝ» ነው፤ ኪራይ እንጂ ስጦታ አይደለም። እነዚህን ሁለት ቃላት የለየ ተማሪ፣ መሬቱ በባዕድ እጅ ቢተዳደርም የማን እንደ ነበረ አይሳሳትም።

ቃሉ ሥራውን ሲሠራ የምናየው ግን በዜና ነው። ስለ ክልላችን በሚነገረው ዜና «ሪፊዩጂ» የሚለው ቃል በብዛት ይሰማል። አመጣጡ መሸሽ ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ በሰፊው የገባውም እ.ኤ.አ. ከ1685 ወዲህ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የሸሹ ሰዎች በተጠሩበት ጊዜ ነው። በአማርኛ ስደተኛ እንላለን፤ ነገር ግን ለእንጀራ ብሎ የወጣውንም፣ «ማይግራንት» የሚባለውን፣ ስደተኛ እንለዋለን። በአገሩ ውስጥ ከቀዬው የተነሣው ደግሞ «ዲስፕሌስድ» ይባላል፤ እርሱ ተፈናቃይ ነው። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1951 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትና፣ በ1969 በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት፣ ድንበር ተሻግሮ ለሸሸ ሰው በግድ ወደ አደጋው እንዳይመለስ መብት ሰጥተውታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ብዙ ሺሕ ሰው ወደ ክልላችን ተሻግሯል። ነገ ከእኛ አንዱ ለአንዲት እናት በመመዝገቢያ ጠረጴዛ ፊት አስተርጓሚ ሆኖ ሲቆም፣ የሚመርጠው አንድ ቃል የእርስዋን ዕድል ሊነካ ይችላል።

ሌላም አለ። ጋዜጠኛ «ሴድ» ሲል፣ እገሌ ተናገረ ማለቱ ነው። «ክሌይምድ» ሲል ተናጋሪው እውነት ነው ይላል፣ ማስረጃው ግን ገና አልታየም ማለቱ ነው። «ኮንፈርምድ» ሲል ግን ነገሩ ተረጋግጧል ማለቱ ነው። ሦስቱንም «አለ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ወሬን እውነት አድርጎ ወደ ሰፈሩ ይወስዳል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ልዩ ልዩ ሕዝብ ጎን ለጎን በሚኖርበት አገር ያልተረጋገጠ ወሬ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ክበባችን የሚመክረው ይህን ነው። የቃል ደብተር አራት ረድፍ ይኑረው፤ በመጀመሪያው ቃሉ፣ በሁለተኛው ፍቹና ሥሩ፣ በሦስተኛው ከዜና የተቀዳ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ በአራተኛው በአማርኛና በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ያለው አቻ ይጻፍ። አቻ ከታጣለትም፣ ነገሩ በረዥሙ ይገለጥ። የቃሉ ብዛት አያስፈራን። የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቋንቋ ተማሪዎች ዜና ማሰማት ሲጀምር፣ የዓለሙን ወሬ ሁሉ የሚናገረው በ1,500 ያህል ቃላት ብቻ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው፤ በክፍላችን እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት አንድ ቃል በሚገባ አጥንቶ ለጓደኞቹ ቢያስረዳ፣ በዓመቱ መጨረሻ የምናገኘው ሀብት ቀላል አይሆንም።

ክቡራን ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ማታ ዜና ሲያዳምጡ ሥራ ፈቱ አትበሏቸው፤ ይልቁንም ምን እንደ ሰሙ ጠይቋቸው። ክቡራን መምህራን፣ ጋዜጣን በመማሪያ መጽሐፋችን አጠገብ አኑሩልን። እኛም ለምንናገረው ቃል ኃላፊዎች ሆነን ለመገኘት እንተጋለን።