ከበር ወይስ ከጣሪያ?

— እሺ እህቴ፣ ዛሬ ደቡብ ካርቱም፣ ካላክላ ነን። ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ሲነሳ ስንቱ ቤቱን ቆልፎ ወጣ። የሱዳን ጦር መጋቢት 2017 ከተማዋን ካስለቀቀ ወዲህ የሚመለሰው በዝቷል። በትንሽ ገንዘብ እድሳቱ ከምን ይጀመር?

— ከቀለም እንዳትለኝ ብቻ!

— ኧረ ቀለም ይደርሳል። እኔ ከጣሪያ እላለሁ።

— እኔ ደግሞ ከበር። የማይዘጋ ቤት ውስጥ ምን ታስገባለህ?

— እሱስ ልክ ነሽ። ግን ክረምቱ ሲመጣ የጭቃ ግድግዳ ውሃ ከገባበት አለቀለት። ከዝናቡ በፊት ጭቃና እበት አቡክተው ጣሪያውንም ግድግዳውንም ይመርጉታል።

— እንደኛው አገር ምርጊት! ርካሽም ነው። መብራቱስ? ሽቦውን ዘራፊ ለመዳቡ ብሎ ከግድግዳ እየፈለቀቀ ወስዶታል እኮ።

— ሁሉም ክፍል ላይ አይዘርጉ። አንድ ክፍል፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ሶኬት።

— በካርቱም ሙቀት? ማራገቢያውስ?

— እሺ፣ ሁለት ሶኬት።

— ቆይ ግን፣ ፍርስራሹ ውስጥ ያልፈነዳ ነገር ቢኖርስ? ማንም በእጁ እንዳይነካው፤ ርቆ ለባለሙያ መናገር ነው።

— እሱማ ከበርሽም ከጣሪያዬም ይቀድማል።