«አትንካ» የማይባልበት ቤት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሕፃን አዲስ ዕቃ ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነው። ትልልቆችም አስቀድመው የሚናገሩት ቃል «አትንካ» የሚል ነው። ወላጅ በቤት፣ መምህር በክፍል፣ ዘበኛ በሙዚየም በር ይህንኑ ይደጋግሙታል። በዚህም ዕቃው ከጉዳት ይድናል፤ የሕፃኑ ጥያቄ ግን ሳይወለድ ይቀራል።

ይህን ልማድ የገለበጡ ቤቶች በዓለም ላይ ከታዩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን የሕፃናት ሙዚየም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። መሐንዲሱ ኦስካር ፎን ሚለር በ1903 በሙኒክ የመሠረተው የቴክኒክ ሙዚየምም ጎብኚው ራሱ እጀታ እያዞረ መሣሪያውን እንዲያንቀሳቅስ ፈቅዷል።

ለጎጃም ደጋ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የፍራንክ ኦፐንሃይመር ታሪክ ነው። ይህ የፊዚክስ ሊቅ በፖለቲካ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ተወግዶ በኮሎራዶ ተራሮች ከብት ሲያረባ ቆየ፤ በኋላም በዚያው በገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማረ። ተማሪዎቹንም ወደ ጥራጊ መጣያ እየወሰደ፣ ከተጣለው የመኪና ዕቃ የተፈጥሮን ሕግ እንዲማሩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1969 በሳን ፍራንሲስኮ ኤክስፕሎራቶሪየምን ሲያቋቁም የጥገናውን ወርክሾፕ ለጎብኚ ዐይን ክፍት አድርጎ አስቀመጠው። ባልደረቦቹም የመሣሪያዎቹን አሠራር እንደ ወጥ አሠራር መጽሐፍ አሳትመው ሌላው እንዲሠራቸው አስቻሉ።

በአገራችንም በመስከረም 2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ይሁን እንጂ የደብረ ማርቆስ ሕፃን ወደዚያ ለመድረስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝና የዓባይን በረሃ መሻገር አለበት። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ እንኳ የመሳፈሪያውና የማደሪያው ወጪ ለብዙ ወላጅ የሚቻል አይደለም። ዕድሉን ያገኘም ወላጅ ልጁን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እየጎተተ ሁሉን ላሳይ ቢል ድካም ብቻ ይተርፈዋል። ልጁ አንዱን መሣሪያ ሃያ ጊዜ ቢደጋግም ሊተወው ይገባል፤ መልሱንም ቀድሞ ሊነግረው አይገባም።

ታዲያ ሕፃኑ ወደ ሙዚየሙ መሄድ ካልቻለ ሙዚየሙ ወደ ሕፃኑ ሊመጣ አይችልምን? መሣሪያው በእጅ ያለ ነው። የጎጃም እረኛ በቡሄ ሰሞን ጅራፉን ሲያጮኽ የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 340 ሜትር ከሚያህል ፍጥነት ይበልጣል፤ ጩኸቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። እረኛው ግን ይህን የነገረው የለም። በትምህርት ቤትም ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ በቃሉ ይማራል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ፣ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ፣ ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እናቱ ሽምብራው ቶሎ አልበስል ያላት ስለዚህም ጭምር ነው። አንድ ጀበናና አንድ ቴርሞሜትር ይህን በሩብ ሰዓት ያስረዳሉ። ልጁ ግን በዐይኑ ያላየውን 100 ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ከራሱ ዐይን ይልቅ የተጻፈውን ማመን የሚለምደው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ሥራ አንድ ክፍል ይበቃል። ጀበናውና ቴርሞሜትሩ፣ መዘውርና ገመድ፣ ድንጋይ የሚፈነቅል ረጅም አጣና፣ በምንጭ ውሃ የሚዞር ትንሽ ወፍጮ፣ ሞፈርና ቀንበር ከነማረሻው፤ ለጅራፉ ደግሞ ሰፊ ግቢ። ይህን ሁሉ የከተማው አናጢና ብረት ሠሪ ያበጀዋል። አስቸጋሪው ጥገናው ነው፤ ሕፃናት የሚነኩት ዕቃ መሰበሩ አይቀርምና። በየወሩ እየተፈራረቀ የሚጠግን ባለሙያ ካልተመደበ ክፍሉ በዓመቱ ቁልፍ ይገባበታል፤ በሩም ላይ «አትንካ» ይጻፋል።

በጥቁር ሰሌዳ ላይ የመዘውርን ሂሳብ ለዓመታት ሠርቶ፣ መዘውርን በእጁ የጨበጠው ግን ከተመረቀ በኋላ የሆነ መሐንዲስ በዚህ አዳራሽ ጥቂት አይደለም። ያ ዕዳ ወደሚቀጥለው ትውልድ ይተላለፍ ወይስ እዚህ ላይ ይቁም የሚለው ጥያቄ ለጉባኤው ቀርቧል።