ማንም ባልተሻማበት ቦታ የተገኘ በረከት



ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው የጤና ኮሌጅ ለምረቃ በዓሉ እንግዳ ሲጋብዝ፣ እንግዳው ስለ አገልግሎት ክብር እንዲናገር ይጠበቃል። እኔ ዛሬ ስለ ፍሬው ልናገር። የምከራከርበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለተናቀው ሰው የምትሰጠው አገልግሎት፣ እርሷም ራሷ ያላሰበችውን በረከት ለሕዝብ ሁሉ ያተርፋል። ይህ ለበዓል ማድመቂያ የሚነገር ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድኩ ነበር። በታሪክ ሊመረመር የሚችል ነገር ስለሆነ ነው ያመጣሁት። ማስረጃዬም ብዙ ሰው ፊቱን ከሚያዞርበት በሽታ፣ ከሥጋ ደዌ የተወሰደ ነው።

በአገራችን የሥጋ ደዌ ታማሚ ለዘመናት መጠጊያው የቤተ ክርስቲያን ደጅና የጸበል ሥፍራ ነበር። ዘመድ ያራቀው ሰው ከቅጥሩ ሥር ተቀምጦ ከምእመናን እጅ ይመጸወት ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን በምጽዋቱ ላይ ሕክምና ተጨመረበት። በሐረር የካቶሊክ ካፑቺን መነኮሳት ታማሚዎችን ሰብስበው መንከባከብ ጀመሩ። በአዲስ አበባ የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ሐኪም የነበረው ቶማስ ላምቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራውን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሥራ አስጀመረ። በወሎም ይኸው ሚሽን በቦሩ ሜዳ ሌላ ከፈተ። እነዚህን ቤቶች ሲያቆሙ የነበራቸው ዓላማ ጠባብ ነበር፤ የተጣለን ሰው ማንሳት፣ ቁስሉን ማጠብ፣ ማስተማርና ማጽናናት። ከዚያ ያለፈ ዕቅድ አልነበራቸውም።

የሆነው ግን ከዕቅዱ እጅግ የሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በዘነበወርቅ ግቢ አለርት የተባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹ መካከልም የክርስቲያን ሥጋ ደዌ ተልእኮዎች ይገኙበታል። ታማሚው፣ ሐኪሙና የዓመታት መዝገቡ በአንድ ቦታ በመገኘታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች በዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ስሙም እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ይህ ተቋም ዛሬ የሳንባ ነቀርሳን፣ የወባንና የሌሎችንም በሽታዎች ምርምር ያካሂዳል፤ የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜም ናሙና ከመረመሩ የአገሪቱ ላቦራቶሪዎች አንዱ ነበር። አለርት በበኩሉ የቆዳ፣ የዓይንና የድንገተኛ አደጋ ሕክምና የሚሰጥ ትልቅ ሆስፒታል ሆኗል። ቦሩ ሜዳም በቆዳና በዓይን ሕክምናው የወሎ ሰው የሚያውቀው ሆስፒታል ነው። ትናንት ከተማው በሩቁ ይሸሸው ወደነበረው ግቢ፣ ዛሬ ከተማው ራሱ ታሞ ይሄዳል።

በረከቱ በሕንፃ አላበቃም፤ ወደ ዕውቀትም ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1946 በደቡብ ሕንድ ቬሎር ወደሚገኘው የክርስቲያን ሕክምና ኮሌጅ የሄደው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ፖል ብራንድ ያጋጠመው ጥያቄ፣ የሥጋ ደዌ ታማሚ ጣቶች ለምን ያልቃሉ የሚል ነበር። ብዙዎች በሽታው ሥጋውን በቀጥታ ያበሰብሰዋል ብለው ያምኑ ነበር። ብራንድና ባልደረቦቹ ታማሚዎቹን ከሥራ እስከ መኝታ ሲከታተሉ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የሚመጣው ነርቩ ተጎድቶ የሕመም ስሜት ሲጠፋ እንደሆነ አሳዩ። ሕመም የማይሰማው እጅ የጋለ ድስት ያነሳል፤ የደነዘዘ እግር በሚስማር ላይ ይራመዳል፤ ቁስሉ ሳይታወቅ ያመረቅዛል። ለእነዚህ እግሮች የተሠራው ለስላሳ ጫማ፣ ግፊትን የሚያቀል ጀሶና የዕለት ተዕለት የእግር ፍተሻ፣ ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ ሉዊዚያና ከተዛወረ በኋላ ለስኳር ሕመምተኞች እግር ዋለ። ዛሬ ከመቆረጥ የሚተርፈው የስኳር ታማሚ እግር፣ በከፊል ለቬሎር የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ባለዕዳ ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በኮንጎ የሚሽን ሐኪም የነበረውና በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በሥጋ ደዌ ሥራ የተሰማራው ኧርነስት ፕራይስ፣ በደጋው ገበሬ ዘንድ የሚታየውን የእግር እብጠት ልብ አለ። በትንኝ ከሚተላለፈው የዝሆኔ በሽታ የተለየ እንደሆነና በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግር ለዓመታት ከመሄድ ጋር እንደሚያያዝ መርምሮ አስረዳ። መከላከያው ጫማና ሳሙና ነው። ፍለጋው የተጀመረው ሥጋ ደዌን ሲያስሱ የሰውን እግር ተንበርክኮ ማየት ልማድ በሆነበት ሥራ ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ አጋጣሚ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ብዙ አገልግሎት ያለ ዝና ያልፋል፣ አንተ የተሳካውን ብቻ መርጠህ ታወራለህ ሊለኝም ይችላል። እውነት አለው፤ ፍሬውን አስቀድሞ ማዘዝ አይቻልም። ሆኖም አጋጣሚው የተፈጠረበትን ሁኔታ እንመርምር። እ.ኤ.አ. ከ1981 በፊት፣ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ቅንጅቱን ሳይመክር፣ የሥጋ ደዌ ሕክምና ብዙ ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ከ6 እስከ 12 ወር ይበቃዋል። በዚያ ዘመን አገልጋዩ አንድን ሰው ለዓመታት ያውቀው፣ ቁስሉን በእጁ ያጥብ፣ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚበላም ያይ ነበር። ትርፍ የሚሻ ሰው እዚያ ያን ያህል አይቆይም ነበር። ስለዚህ ግኝቱ ድንገተኛ ቢሆንም፣ ያስገኘው ቅርበትና ትዕግሥት ድንገተኛ አልነበረም፤ የአገልግሎቱ ባሕርይ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ የታማሚን መከራ ለሌሎች ጥቅም ማስቆጠር ነውር አይደለምን? ሕዝባችን “እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም” ይላል። ይህን ቃል የተጎዳ ሰው ለራሱ ቢናገረው መጽናኛ ነው፤ ያልተጎዳ ሰው ሲናገርበት ግን ጭካኔ ይሆናል። ሥጋ ደዌ በረከት አልነበረም። በረከት የሆነው በታማሚው አጠገብ የተደረገው አገልግሎት ነው። ከዚያ ምንም ግኝት ባይወጣ እንኳ፣ የአንድ ሰው ቁስል መታጠቡ ለራሱ በቂ ምክንያት ነበር። ፍሬውን የምጠቅሰው፣ ለተናቁት የሚሰጥ አገልግሎት የባለሙያ ብክነት ነው ለሚሉት መልስ እንዲሆን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ይመጣል። ታማሚውን ከኅብረተሰቡ ለይተው ያኖሩ፣ ሕክምናን ከስብከት ጋር አስተሳስረው አቅም በሌለው ሰው ላይ የጫኑ፣ በምጽዋት ብቻ ያኖሩ አሉ። ይህ መካድ የለበትም። በሥጋ ደዌ የተጠቁ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. በ1996 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመው ስለ ራሳቸው መናገራቸው፣ ስለ እነርሱ ብቻ ይናገር ለነበረው ሁሉ ተግሣጽ ነው። አገልግሎት ፍሬ የሚያፈራው ታማሚው እንደ ሰው ሲታይ፣ ሲጠየቅና ሲደመጥ ነው። ብራንድም ከሕመምተኞቹ ሕይወት ባይማር ኖሮ መልሱን ባላገኘ ነበር።

ጤና የመንግሥት ኃላፊነት ነው የሚለውም እውነት ነው። አለርትና ቦሩ ሜዳ ወደ መንግሥት እጅ መግባታቸው ለእኔ ኪሳራ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በጀት ያልደረሰበትን ትጀምራለች፤ ሥራው ሲያድግ የሁሉም ይሆናል። በጸበል ሥፍራ በሰንሰለት የታሰረው የአእምሮ ሕመምተኛ፣ ከዓረብ አገር ተሰብራ የተመለሰችው እህት፣ በመጠለያ ጣቢያ ያለው ተፈናቃይ፣ ጧሪ ያጣው አረጋዊ፤ የዛሬዎቹ የዘነበወርቅ ደጆች እነዚህ ናቸው።

የነርስና የጤና መኮንን ተመራቂዎች ሆይ፣ ሁላችሁም ደመወዝና ኑሮ ያስፈልጋችኋል፤ ይህን ተዉ አልላችሁም። የምለምናችሁ ከሥራችሁ ውስጥ አንድ ቦታ፣ ማንም የማይሻማበትን፣ ለራሳችሁ እንድትይዙ ነው። እዚያ ቆዩ። የታካሚውን ጫማ አስወልቃችሁ እግሩን እዩ፤ ያያችሁትን በመዝገብ ጻፉ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ። በረከቱ ይምጣ አይምጣ የእናንተ ሥራ አይደለም። የእናንተ ሥራ በሽተኛው ሲመጣ እዚያ መገኘት ነው። እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።