ስለ ውሃ ሦስት መልክ፤ ይልቁንም በእንጅባራ ውሃ ስለሚፈላበት ሙቀት



በእንጅባራ በታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ሲበረታ በመስኩ ሣር ላይ አመዳይ ያድራል። ፀሐይ ወጥታ ሣሩን ስታሞቀው አመዳዩ ቀልጦ ውሃ ይሆናል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ውሃው ተንኖ ከዓይን ይሰወራል። እንግዲህ አንዱ ውሃ በአንድ ማለዳ ጠጣርም፣ ፈሳሽም፣ እንፋሎትም ሆነ ማለት ነው። የተለወጠው መልኩ ነው እንጂ ባሕርዩ አይደለም። ቅቤና ሰምም እንዲሁ በሙቀት ይቀልጣሉ፣ በብርድ ይረጋሉ።

ይህን ለተማሪ ማስረዳት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። በእንጅባራ ግን መምህር የሙቀት መለኪያውን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቢያገባው 92 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ይቆማል። ያን ጊዜ ተማሪው ለመጽሐፉ ክብር ሲል ዓይኑ ያየውን ቢክድ ጉዳቱ ትልቅ ነው፤ ያየውን መካድ የለመደ ሕፃን መመርመርን አይማርምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምድር በላይ ያለው አየር ክብደት አለው፤ ውሃውንም ከላይ ይጫነዋል። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር በተካከለ ጊዜ ነው። በምጽዋ፣ በባሕሩ ጠረፍ፣ የአየሩ ጭነት ሙሉ ስለ ሆነ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እንጅባራ ግን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ አገር ነውና ከበላዩ ያለው አየር ያነሰ ነው፤ ጭነቱም የጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው 100 ሳይደርስ ይፈላል። የመቶ ዲግሪውን መለኪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1742 ዓ.ም. ያወጣው የስዊድን ሊቅ አንደርስ ሴልሲየስም ራሱ የአየሩ ግፊት ሲለወጥ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት እንደሚለወጥ መርምሮ ገልጿል። እንግዲህ መጽሐፉም መለኪያውም አልዋሹም፤ መጽሐፉ የተናገረው ስለ ጠረፍ አገር ነው።

ከዚህም ሁለት ጥቅም ይገኛል። አንደኛው በማዕድ ቤት ነው። የባቄላ ንፍሮ በደጋ ለመብሰል የሚዘገየው የውሃው ሙቀት ስላነሰ ነው። ውሃው ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨመር ሙቀቱ ከፍ አይልም፤ ውሃው ፈጥኖ ይተናል እንጂ፣ እንጨቱም በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ ባቄላውን ሲዘፈዝፉ ማሳደር፣ ድስቱንም ከድኖ እሳቱን መቀነስ ይሻላል። ሁለተኛው በጤና ነው። ከምንጭና ከወንዝ የተቀዳ ውሃ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ስላሉበት አፍልቶ መጠጣት ይገባል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ግን ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ የጤና አዋቂዎች ያዝዛሉ። እንደ ፈላ ወዲያው የሚያወርድ ሰው ልጆቹን ለበሽታ እንዳያጋልጥ ይጠንቀቅ።

ስለዚህ መምህር መጽሐፉን ካስነበበ በኋላ ድስቱንም ያሳይ። ከሽማግሎችም መካከል ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ንፍሮ የቀቀለ ቢገኝ፣ በዚያ ፈጥኖ መብሰሉን ለሕፃናቱ ይመስክርላቸው። የመጽሐፉ ቃልና የአገሩ ልማድ ሲገናኙ ትምህርቱ በልብ ይጸናል።