ሌንስ ከመግዛት በፊት ርቀትን መለካት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ከላምበረት ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የየካ ተራራ ከፊቱ ተደቅኖ ይታየዋል። ከግርጌው የኮተቤ አውራ ጎዳና፣ ከጎዳናው በላይ ዳገቱን ተከትለው የተሠሩ ቤቶችና የድጋፍ ግንቦች፣ ከእነርሱም በላይ ባሕር ዛፍ አለ። በዚሁ ኮረብታ ላይ ከቋጥኝ ተፈልፍሎ የታነጸው ጥንታዊው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የተራራውን ሰንሰለት ይዘው ወደ ምዕራብ ሲያቀኑ ደግሞ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ አለ። አንድ መሐንዲስ ግንቡን፣ ቋጥኙንና ተራራውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሥራው ፎቶግራፍ ማንሣት ቢኖርበት፣ ሦስቱ የሚጠይቁት ሌንስ ለየቅል ነው። እንግዲህ ገንዘቡ ለአንድ፣ ቢበዛ ለሁለት ሌንስ ብቻ የሚበቃ ባለሙያ የትኛውን ይግዛ? የዛሬው ንግግር ርእስ ይኸው ነው።

ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንዳይመስል የዋጋውን ነገር አስቀድሞ ማንሣት ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ በዋዜማው በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ወራት ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። ሌንስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ በመንገደኛ ሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ነውና፣ ገዢው ቢጸጸት የሚመልስበት ሱቅ በአቅራቢያው የለም። ከገንዘቡም ይልቅ የሚከብድ ነገር አለ። የመሐንዲስ ፎቶግራፍ ጌጥ ሳይሆን ማስረጃ ነው። ግንብ ዘመመ አልዘመመም፣ ስንጥቅ ሰፋ አልሰፋም የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ያለ አግባብ በተመረጠ ሌንስ የተነሣ ሥዕል ቀጥ ያለውን ግንብ የዘመመ፣ የሰፋውንም ስንጥቅ ያልሰፋ አስመስሎ ያቀርባል።

ፎቶግራፍና ምሕንድስና በዚህች ከተማ የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሌላው ሥራው ሁሉ ጋር ብዙ ፎቶግራፎች ያነሣ ሰው ነበር፤ ስብስቡም በዙሪክ ተጠብቆ ይኖራል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። ሌንስን ከሌንስ የሚለየው ዋነኛ ቁጥር የትኩረት ርቀቱ ነው፤ በሚሊሜትር ተለክቶ በሌንሱ አፍ ዙሪያ ተጽፎ ይገኛል። ስሌቱም መሐንዲስ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚያውቀው የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሒሳብ ነው። የሴንሰሩን ወርድ ለትኩረት ርቀቱ አካፍሎ በዕቃው ርቀት ያባዛ ሰው፣ በሥዕሉ ውስጥ የሚገባውን ስፋት ያገኛል። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነ ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ገጥሞ ከ10 ሜትር ርቀት የሚያነሣ ሰው 7.2 ሜትር ወርድና 4.8 ሜትር ቁመት ያስገባል። ከዚያው ሥፍራ ሳይነቃነቅ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ቢለውጠው 15 ሜትር፣ በ200 ሚሊሜትር ቢለውጠው 1.8 ሜትር ወርድ ብቻ ይገባለታል። በዋጋ ረከስ የሚሉት ካሜራዎች ሴንሰራቸው 24 በ16 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በስሌቱ ውስጥ በ36 ፋንታ 24 መግባት አለበት። ይህን ቁም ነገር ያልጠየቀ ገዢ ሰፊ ነው ብሎ የገዛው ሌንስ ቤቱ ሲደርስ ጠብቦ ያገኘዋል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። መሐንዲሱ ወደ ሻጩ ከመሄዱ በፊት የሜትር ገመዱን ይዞ ወደ ሥራው ቦታ መሄድ አለበት። የት ቆሞ እንደሚያነሣ፣ ወደ ኋላ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል፣ የሚያነሣውም ነገር ወርድና ቁመቱ ስንት እንደሆነ ከጻፈ፣ የሌንሱን ቁጥር ራሱ ስሌቱ ይነግረዋል።

ዋሻ ሚካኤል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ትውፊት ዘመኑን እስከ አብርሃና አጽብሃ ያደርሰዋል፤ የታሪክ አጥኚዎች ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ እንደታነጸ ይገምታሉ። ለመሐንዲሱ ግን ከዘመኑ ይልቅ አሠራሩ ነው ነገር የሚያመጣበት። ሕንፃው ከቋጥኝ ተፈልፍሎ የወጣ እንደ መሆኑ መጠን ዙሪያውን የከበበው ራሱ ቋጥኙ ነውና፣ ግድግዳውን ለማንሣት የፈለገ ሰው ወደ ኋላው እንደ ልቡ ሊርቅ አይችልም። ከግድግዳው 4 ሜትር ብቻ ሊርቅ ቻለ እንበል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ የሚገባለት 2.9 ሜትር በ1.9 ሜትር ያህል ነው፤ ከበር ወይም ከመስኮት አያልፍም። በ24 ሚሊሜትር ግን 6 ሜትር በ4 ሜትር ያስገባል።

ነገር ግን ሰፊ ሌንስ የያዘ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት አንድ ወጥመድ አለ። የግድግዳው ጫፍ አልገባ ሲለው ካሜራውን ወደ ላይ ያቀናል፤ ያን ጊዜ ቀጥ ብለው የቆሙት መስመሮች ወደ ላይ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፤ ሕንፃውም ወደ ኋላው የተንጋለለ ይመስላል። ለቱሪስት ይህ ምንም አይደለም፤ የግድግዳን ዝንባሌ ለመመዝገብ ለሄደ ሰው ግን ሐሰተኛ ምስክር ነው። መድኃኒቱ ከካሜራው አንጻር ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ሌንስ ሲሆን፣ ኒኮን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሠርቶ ሸጦታል። ዋጋው ግን ለደመወዝተኛ አይቀመስም። ስለዚህ የድኻው ዘዴ ይመረጣል፤ ካሜራውን በውሃ ልክ አስተካክሎ ማቆም፣ ከሚያስፈልገው ሰፋ ባለ ሌንስ ማንሣት፣ ከዚያም የሥዕሉን ትርፍ የታችኛ ክፍል ቆርጦ መጣል።

ስለ ጨለማውም አንድ ነገር እንበል። ቋጥኝ ውስጥ ብርሃን ያንሳል በሚል ምክንያት መክፈቻው 1.4 የሆነ ውድ ሌንስ የሚመኙ ብዙዎች ናቸው። መክፈቻው 1.4 እና 8 በሆነ ጊዜ የሚገባው ብርሃን ልዩነት 32 እጥፍ ያህል ነውና፣ ምኞቱ መሠረት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ ቋጥኝ አይንቀሳቀስም። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይዞ የሄደ ሰው፣ በ1.4 በሰከንድ 1/16ኛ የሚያነሣውን ሥዕል በ8 በሁለት ሰከንድ ያነሣዋል፤ በዚያም ላይ ከቅርቡ እስከ ሩቁ ያለው ሁሉ ይጠራለታል። ብርሃን የሚስብ ሌንስ የሚያስፈልገው ሰርግ ለሚያነሣ ሰው ነው። ማቆሚያውን ከመትከሉ በፊት ግን ካህናቱን ማስፈቀድ እንዳለበት ለመሐንዲሱ መንገር አያሻም።

ወደ ድጋፍ ግንቡ እንውረድ። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ስንጥቅ ነው። የሥዕሉ ወርድ 6,000 ነጥቦች ያሉት ካሜራ ከ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ከ10 ሜትር ርቀት ሲያነሣ፣ አንዱ ነጥብ ግንቡ ላይ 1.2 ሚሊሜትር ይሸፍናል። ሦስት ሚሊሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ ሁለት ነጥብ ተኩል ብቻ ይሆናል ማለት ነው፤ በዚህ ደግሞ ሰፋ ጠበበ ብሎ መከራከር አይቻልም። መሐንዲሱ ስምንት ሜትር ወደ ፊት ቢራመድ ያው ስንጥቅ 12 ነጥብ ተኩል ይሆንለታል። እግር በነጻ የሚሠራውን ሥራ በሌንስ ለማሠራት ብዙ ሺህ ብር ማውጣት የሚገባው መቅረብ በማይቻልበት ቦታ ብቻ ነው።

ለዚህ ሥራ የትኩረት ርቀቱ የማይለዋወጥ ሌንስ ከዙም ይመረጣል። ዘንድሮ የተነሣው ሥዕል ከከርሞው ጋር ሊነጻጸር የሚችለው ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጂኦሜትሪ ሲነሡ ነው፤ የዙም ቀለበት በጥቂቱ እንኳ ቢዞር ያ ይፈርሳል። የካርታ ሥራ ባለሙያዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። 23 በ23 ሴንቲሜትር ፊልም ይይዙ የነበሩት የአየር ካሜራዎች 152 ሚሊሜትር የሆነ የማይለወጥ ሌንስ ነበራቸው፤ አውሮፕላኑ ከመሬት 7,600 ሜትር ከፍ ብሎ ሲበር መጠኑ 1 ለ50,000 የሆነ ፎቶግራፍ ይገኝ ነበር። የ50 ሚሊሜትሩ ሌንስ ደግሞ በአብዛኞቹ ፋብሪካዎች ዘንድ ከሁሉ የረከሰው መሆኑ ለመሐንዲሱ ትልቅ ዕድል ነው።

የቀረው ተራራው ነው፤ የብዙ ሰው ልብ የሚሸፍተውም እዚህ ላይ ነው። ከ70 እስከ 200 የሚደርሰውና ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሆነው ትልቅ ዙም ሲታይ ያስጎመጃል። በወረቀት ላይ በ200 ሚሊሜትር ከ1 ኪሎ ሜትር ርቀት የተነሣ የየካ ገደል አንዱ ነጥብ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ይሸፍናል። በተግባር ግን በሌንሱና በገደሉ መካከል የ1 ኪሎ ሜትር አየር አለ። በበጋ ቀትር ከቆርቆሮው ጣሪያና ከአስፋልቱ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፤ አቧራውና ጭሱም ሥዕሉን ያደበዝዘዋል፤ ሌንሱ በረዘመ ቁጥርም ይህ ሁሉ አብሮ ይጎላል። በጥቅምት ጧት፣ ክረምቱ አየሩን አጥቦ በሄደበት ሰዓት፣ በ100 ሚሊሜትር ሌንስ የተነሣ ሥዕል በየካቲት ቀትር በ200 ከተነሣው ይበልጣል። 360 ሜትር ወርድ ያስገባል፤ ዝርዝር ቢፈለግም ተጠግቶ ደጋግሞ አንሥቶ ማያያዝ ይቻላል።

ሰፊ ማየትና አጥርቶ ማየት በአንድነት የማይገኙ መሆናቸውን ከዚያው ተራራ ጋር የተያያዘ ሌላ ሥራም ያሳያል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃዋን ለእንጦጦው ጣቢያ ትልክ ነበር። የካሜራዋ አንድ ነጥብ መሬት ላይ የሚሸፍነው 13.75 ሜትር ነበር። በዚህ ሚዛን 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ የላምበረት ቤት አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም። ይህ ጉድለት አይደለም። ሳተላይቷ የታሰበችው ለእርሻ፣ ለደንና ለውሃ ነበርና፣ ቤት ከመቁጠር ይልቅ ብዙ አገር በአንድ ጊዜ ማየት ይጠቅማት ነበር።

እንግዲህ ሥራው ግንብና ቤት የሆነ መሐንዲስ አስቀድሞ 50 ሚሊሜትሩን፣ ገንዘብ ሲያገኝ 24 ሚሊሜትሩን ይግዛ፤ አነስተኛ ሴንሰር ያለው ካሜራ ከያዘ ደግሞ 35 እና 16 ሚሊሜትር ይሁንለት። ትልቁ ዙም ይቆየው፤ በዓመት ሁለት ቀን ካስፈለገው ይዋሰዋል።

በሚገዛበትም ጊዜ የካሜራውን አፍ ማወቅ አለበት። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረውን አፍ ለብዙ አሠርት ዓመታት ይዞ ቆይቷል፤ ካኖን ግን በ1987 ለውጦታል። ሁለቱም በ2018 አዲስ አፍ ያላቸው መስተዋት አልባ ካሜራዎች አውጥተዋል፤ በእነዚህም ላይ የቀድሞው ሌንስ በማገናኛ ቀለበት ይገጠማል። በዚህ ምክንያት ያገለገለ ሌንስ በደህና ዋጋ ሊገኝ ስለሚችል፣ አመራመሩን ማወቅ ይጠቅማል። በአንዱ ጫፍ የእጅ ባትሪ አብርቶ በሌላው ማየት ያስፈልጋል፤ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና መተው ነው። ቀጥሎ የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት አንሥቶ አራቱን ማዕዘኖች ማስተያየት ነው፤ ሦስቱ ጠርተው አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ሻጋታው ንጹሑንም ሌንስ ይይዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም በቆዳ ማኅደሩ ተዘግቶ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ሌንስ በመስቀል ሰሞን ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደብዝዞ ነው። ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ማስቀመጥ፣ ፀሐይ በወጣ ቀንም ከፍቶ ማናፈስ ይበቃዋል።