ካፓሲተር የሚይዘውና የሚመልሰው



የላፕቶፕ ቻርጀር ከሶኬት ሲነቀል ትንሿ መብራቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው አትጠፋም፤ ለጥቂት ሰከንዶች እየደበዘዘች ትቆያለች። ከግድግዳው የሚመጣ ኤሌክትሪክ የለም። የሚያበራት ካፓሲተር ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ስለ እሱ ነው።

ሥሪቱ ቀላል ነው። ፕሌት የምንላቸው ሁለት ዝርግ ብረቶች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ነገር ይገባል፤ ፕላስቲክ፣ ሴራሚክ፣ ወይም አየር ብቻ። ባትሪ ስናገናኝበት ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ፕሌት ተስበው በሽቦውና በባትሪው በኩል ዞረው ሌላው ፕሌት ላይ ይሰፍራሉ። መካከሉን አቋርጦ የሚያልፍ የለም። አንደኛው ፕሌት የጎደለበትን ያህል ሁለተኛው ይተርፈዋል፤ ተቃራኒዎቹ ቻርጆች ይሳሳባሉ እንጂ አይገናኙም።

ብዙ መምህራን ካፓሲተርን በውሃ ሮቶ ይመስሉታል። ለጀማሪ ይረዳል፤ እኔ ግን ምሳሌውን ብዙም አልወደውም። ሮቶ ሲሞላ በውስጡ ያለው ውሃ ይጨምራል፤ የካፓሲተር ጠቅላላ ቻርጅ ግን ሞላም ጎደለም ዜሮ ነው። የተቀመጠው የቻርጁ መለያየት ነው። ጉልበቱም ያለው በፕሌቶቹ መካከል በተፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ነው።

ይህ ግልጽ የሆነው ሰዎች ከተነዘሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1745 ጀርመናዊው ኤዋልድ ፎን ክላይስት፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የላይደን ዩኒቨርሲቲው ፒተር ፋን ሙሸንብሩክ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማር፣ ኤሌክትሪክን በጠርሙስ ለማስቀረት ሞከሩ። በዘመኑ ኤሌክትሪክ እንደ ፈሳሽ ይታይ ስለነበር ውሃ የያዘ ብርጭቆ ውስጥ ማጠራቀም ምክንያታዊ ይመስል ነበር። የጊዜው ሊቃውንት ምክር ዕቃው እንዳያፈስ ከመሬት ነጥሎ ማስቀመጥ ነበር። የላይደኑ ጠርሙስ የሠራው ግን ምክሩ ስለተጣሰ ነው፦ ሞካሪው በእጁ ይዞታል። ውሃው አንዱ ፕሌት፣ ብርጭቆው መለያው፣ መዳፉ ሁለተኛው ፕሌት ሆነ። በሌላ እጁ ወደ ውሃው የገባውን ሽቦ ሲነካ የተለያየው ቻርጅ በገላው በኩል ተገናኘ። ሙሸንብሩክ ወደ ፓሪስ በላከው ደብዳቤ፣ የፈረንሳይ መንግሥት ቢሰጠው እንኳ ሙከራውን እንደማይደግመው ገልጿል። ከዚያ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ዋናውን ነጥብ ያዘ፤ በጠርሙሱ አንድ ወገን የተጨመረው ከሌላው ወገን የተቀነሰው ነው፣ ድምሩ አልተለወጠም አለ።

የካፓሲተርን አቅም የምንለካው በማይክል ፋራዴይ ስም በተሰየመው ፋራድ ነው። አንድ ፋራድ በአንድ ቮልት አንድ ኩሎምብ ቻርጅ ይይዛል፤ ይህ ለተራ ሰርኪት እጅግ ብዙ ስለሆነ በየመሣሪያው የምናየው ማይክሮፋራድ ነው። ፕሌቶቹ ሲሰፉና ሲቀራረቡ አቅሙ ይጨምራል።

አሁን ወደ ጠባዩ ልምጣ፤ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝም ይኸው ነው። ከረንትን የሚገታው ሬዚስተር የሚመልሰው ቮልቴጁ ስንት እንደሆነ አይቶ ነው። ካፓሲተር ግን የሚያየው ቮልቴጁ በምን ፍጥነት እንደሚለዋወጥ ነው። ቮልቴጁ ካልተንቀሳቀሰ፣ 5 ቮልትም ይሁን 300፣ በካፓሲተሩ መንገድ የሚሄድ ከረንት የለም። በፍጥነት ሲለዋወጥ ከረንቱ ይበዛል። ስለዚህ የካፓሲተር ቮልቴጅ በቅጽበት ሊዘል አይችልም፤ ለመውጣትም ለመውረድም ጊዜ ይጠይቃል። የዚያ ጊዜ መለኪያ ከረንቱ የሚያልፍበት ሬዚስተርና የካፓሲተሩ መጠን ብዜት ነው፤ በአንድ እንዲህ ያለ ጊዜ ውስጥ ካፓሲተሩ 63 በመቶ ገደማ ይሞላል፤ በአምስት እጥፉ ሞላ ማለት ይቻላል።

ወደ ቻርጀሩ እንመለስ። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል። አራት ዳዮዶች አቅጣጫውን አንድ ሲያደርጉት በሰከንድ 100 ጊዜ ወደ ላይ የሚወጣና ወደ ዜሮ የሚወርድ ቮልቴጅ ይሆናል። ካፓሲተሩ በየጫፉ እየሞላ በየሸለቆው ይለቃል፤ ሰርኪቱ የሚያየው ጥቂት ብቻ የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ነው። 100 ማይክሮፋራድ ቢሆንና ሶኬቱን ብንነቅል፣ 5 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ውስጡ ይቀራል። የሚያፈስበት መንገድ አንድ ሜጋኦም ሬዚስተር ብቻ ከሆነ ከ100 ሰከንድ በኋላም 114 ቮልት ገደማ ይኖረዋል። ጠጋኞች ክዳን ከፍተው ከመንካታቸው በፊት ካፓሲተሩን በሬዚስተር አፍስሰው በሜትር የሚለኩት ለዚህ ነው፤ ነቅያለሁና ደኅና ነኝ ማለት አያዋጣም።

ቀስ ብሎ መሙላት፣ በአንድ ጊዜ መልቀቅ፤ የልብ ምት ማስተካከያው ዲፊብሪሌተር የቆመው በዚህ ላይ ነው። ባትሪው በሰከንዶች ውስጥ የሞላውን፣ ለምሳሌ 200 ጁል፣ ካፓሲተሩ በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ ቢለቀው፣ ለዚያች ቅጽበት 20 ኪሎዋት ኃይል ይሆናል። ትንሿ ባትሪ ብቻዋን ይህን አትችልም።

የቤት ውሃ ፓምፕና የጣሪያ ፋን ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በአንድ ፌዝ ብቻ የሚሠራ ሞተር ወዴት መዞር እንዳለበት አያውቅም። ካፓሲተሩ በረዳቱ ጥቅል ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት ከዋናው ጥቅል ያስቀድመዋል፤ የሁለቱ መቀዳደም የሚሽከረከር መስክ ይፈጥርና ሞተሩ ይነሣል። ፓምፑ እያጉረመረመ አልዞርም ካለ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል ከማለት በፊት ካፓሲተሩን ማስለካት ይገባል። ሲቀየርም ማይክሮፋራዱ ከቀድሞው ጋር እኩል፣ የቮልት መጠኑ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት።