ለረጃጅም ሕንፃዎች ሥራ ተቋራጮች የሚሰጥ ፈቃድ ምንን መመዘን አለበት?



በብሪታንያ አንድ ሥራ ተቋራጭ ለመንግሥት ሥራ ሲጫረት የቅድመ ብቃት መጠይቅ መሙላት የተለመደ ነው። የደኅንነት መመሪያው በጽሑፍ ስለመኖሩ፣ በሠራተኞቹ ላይ ስለደረሱ አደጋዎች፣ ስለ ሥልጠናና ስለ መድን ይጠየቃል። ከታወቀ መዛኝ ድርጅት የደኅንነት ምስክር ወረቀት ያለው ተቋራጭ ይህን ክፍል ሳይመልስ የሚያልፍበት አሠራርም አለ። አሠራሩ ከንቱ አይደለም፤ አነስተኛ ድርጅቶች ያንኑ ሰነድ በየጨረታው ደጋግመው ከማቅረብ አድኗቸዋል። ሆኖም ምስክር ወረቀቱ የሚመዝነው ተቋራጩ በሥራ ቦታ ሠራተኞቹን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው። ሥራው አልቆ መሰላሉ ከተነሣ በኋላ በሕንፃው ውስጥ የሚያድረው ቤተሰብ በእሳት ጊዜ ይተርፍ እንደሆነ አይመዝንም።

በምዕራብ ለንደን የሚገኘው ባለ 24 ፎቅ ግሬንፌል ታወር የዚህን ክፍተት ዋጋ አሳይቷል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦችም ይኖሩበት ነበር። የሕንፃው እድሳት እ.ኤ.አ. በ2016 ተጠናቀቀ፤ ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት በተነሣው እሳት 72 ሰዎች ሞቱ። በእድሳቱ የለበሰው ክላዲንግ በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ገጾች መካከል ተቀጣጣይ ፕላስቲክ የያዘ ነበር። በሰር ማርቲን ሙር-ቢክ የተመራው ምርመራ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2024 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት እንዳመለከተው፣ በእድሳቱ የተሳተፉት ድርጅቶች የእሳት ደኅንነትን የማረጋገጡ ኃላፊነት የሌላው ነው ብለው ያስቡ ነበር። ንድፍ አውጪው፣ ዋናው ተቋራጭና ክላዲንጉን የሠራው ንዑስ ተቋራጭ ሁሉም በወቀሳው ተካተዋል።

ሪፖርቱ ከፍተኛ አደጋ ያለባቸውን ሕንፃዎች ለሚሠሩ ወይም ለሚያድሱ ዋና ተቋራጮች የፈቃድ ሥርዓት እንዲዘረጋ መክሯል። በ2022ቱ የሕንፃ ደኅንነት ሕግ መሠረት እነዚህ ቢያንስ 18 ሜትር ከፍታ ወይም ሰባት ፎቅ ያላቸው መኖሪያዎች ናቸው። መንግሥት በፌብሩዋሪ 2025 የሪፖርቱን ምክረ ሐሳቦች፣ ከፊሉን በመርህ ደረጃ፣ መቀበሉን አስታውቋል። እንግዲህ ክርክሩ ፈቃዱ ምን ይመዝን በሚለው ላይ ነው።

በአገር ቤት «ደረጃ አንድ ተቋራጭ» ሲባል የሰማ ሁሉ ፈቃድ በራሱ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። የባለሙያ ቁጥርና የመሣሪያ ብዛት ለመቁጠር ቀላል ናቸው፤ ተቋራጩ ሥራውን ለማን አሳልፎ እንደሚሰጥ መከታተል ግን ከባድ ነው። ክላዲንግ የሚገጥመው፣ የእሳት መከላከያ በር የሚሰቅለው፣ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን ቧንቧ ዙሪያ የሚደፍነው ብዙውን ጊዜ ንዑስ ተቋራጭ፣ አንዳንዴም የንዑስ ተቋራጩ ንዑስ ነው። ፈቃዱ ከላይ ያለውን ስም ብቻ መርምሮ ከቆመ አንድ ተጨማሪ ምስክር ወረቀት ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ፈቃድ ጠያቂው የንዑስ ተቋራጮቹን ብቃት በምን መንገድ እንደሚያጣራ ከቀደሙ ሥራዎቹ ማሳየት ይኖርበታል።

በሪፖርቱ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው፣ ምናልባትም በድርድር ወቅት በቀላሉ ሊለዝብ የሚችለው፣ ሌላ ሐሳብ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለተቆጣጣሪው ከሚቀርበው የፈቃድ ማመልከቻ ጋር፣ የዋናው ተቋራጭ ዲሬክተር ወይም ከፍተኛ ኃላፊ ሕንፃው ሲረከብ ሕግ የሚጠይቀውን ደኅንነት እንዲያሟላ ተገቢውን ጥንቃቄ ሁሉ ለማድረግ በግሉ ቃል እንዲገባ ይጠይቃል። ድርጅት ይከስማል፣ ስሙን ይለውጣል፣ ይሸጣል። ሰው ግን የፈረመው ፊርማ ይከተለዋል።

አነስተኛ ተቋራጮች ወጪውን መፍራታቸው የሚጠበቅ ነው። ሐሳቡ ግን የረጃጅም ሕንፃዎችን ዋና ተቋራጭ እንጂ የአንድ ቤት ቀለም ቀቢን አይመለከትም። ረቂቁ ይህን ወሰን በግልጽ ቢጽፍ ብዙ ተቃውሞ ይበርዳል። የምክር ቤት ረዳቶች ለሚኒስትሩ ጥያቄ ሲያዘጋጁ አንድ ነገር ደግሞ ቢጨምሩ መልካም ነው፦ የፈቃዱ መዝገብ፣ የታገዱትና የተሰረዙት ጭምር፣ ለሕዝብ ክፍት ይሆን? ነዋሪው መሰላሉ በመስኮቱ ፊት ከመተከሉ በፊት ቤቱን የሚያድሰው ማን እንደሆነ መፈለግ ይችል ዘንድ።